ስለ ቢኤምደብሊው ኬ1600 ጂቲ የመጀመሪያ ሳምንታት አነዳድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ሞተር ሳይክል ከሻጩ ግቢ ነድቼ ከወጣሁ አምስት ሳምንት አልፎኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከወዳጅ ዘመድ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ፣ በነዳጅ ማደያና በቤተ ክርስቲያን የመኪና ማቆሚያ ካገኘኋቸው ሰዎች የቀረቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ስለነበሩ መልሶቹን በአንድ ቦታ ሰብስቤአቸዋለሁ። የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ስለሆነ የተጠቀሱት መንገዶችና ሕጎች የዚያው ናቸው። አንድ የቃል ጉዳይ አስቀድሜ ልጥቀስ፤ በተለምዶ ሞተር ሳይክሉንም በውስጡ ያለውንም «ሞተር» እያልን ስለምንጠራ፣ እንዳያደናግር ከዚህ በታች «ሞተር» ስል ቤንዚን የሚያቃጥለውን ክፍል ብቻ ማለቴ ነው።

ሞተር ሳይክሉ በትክክል ምን ዓይነት ነው?

ቢኤምደብሊው ኬ1600 ጂቲ ይባላል፤ የእኔው ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚሸጠው አሠራሩ የወጣ ነው። የሚመደበው «ስፖርት ቱሪንግ» ከሚባለው ወገን ነው። ከዚህ ወገን የሚጠበቀው፣ እንደ እሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ እየታዘዘ፣ ሁለት ሰዎችን ከነሻንጣቸው ቀኑን ሙሉ ወስዶ ወገባቸውን ሳይዙ እንዲያወርዳቸው ነው። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ሙሉ የንፋስ መከላከያ አልብሶ ያወጣው አር100 አርኤስ የዚህ ወገን አያት ሊባል ይችላል።

ሞተሩ 1,649 ሲሲ ሲሆን ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር ተደርድረው ጎን ለጎን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተቀምጠዋል። በደቂቃ 6,750 ዙር ላይ 160 የፈረስ ጉልበት፣ በ5,250 ዙር ላይ ደግሞ 180 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በካቴና ሳይሆን በሻፍት፣ ማለትም በሚሽከረከር የብረት ዘንግ፣ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ካቴና መቀባትና ማጥበቅ የሚባል ሥራ የለም። ነዳጁን ሞልቶ ሲመዘን 343 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህም አንድ የደለበ የእርሻ በሬ ማለት ነው።

160 የፈረስ ጉልበት አያስፈራም ወይ?

ያስፈራኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አላስፈራኝም፤ ስጋት የሆነብኝም ይኸው አለማስፈራቱ ነው።

ከዚህ በፊት ለስምንት ዓመታት የነዳሁት ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 650 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነበር። እሱ ሲፈጥን ይናገራል፤ መሪው መዳፍ ውስጥ ይነዝራል፣ በስፖኪዮው የሚታየው መኪና ይደበዝዛል፣ ነፋሱ ደረትን ይገፋል። በሰዓት 75 ማይል መድረሴን የፍጥነት መለኪያውን ሳላይ በእጄ አውቀው ነበር። አዲሱ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አይሰጥም። በስድስተኛ ማርሽ በሰዓት 70 ማይል ሲጓዝ ሞተሩ የሚዞረው በ3,000 አካባቢ ብቻ ነው፤ የፊት መስታወቱ ከፍ ካለ ነፋሱ ከሄልሜት በላይ ያልፋል፤ ስፖኪዮው እንደ ቤት መስታወት ጥርት ብሎ ይታያል።

ሮዳጁ፣ ማለትም አዲስ ሞተር ሳይጨናነቅ የሚለማመድበት ጊዜ፣ ካለቀ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ቅዳሜ ማለዳ በኢንተርስቴት 66 ወደ ምዕራብ እየሄድሁ ነበር። ከሄይማርኬት ባሻገር፣ የፍጥነት ገደቡ 70 ማይል በሆነበት ቦታ፣ አንድ ረጅም የጭነት መኪና ለማለፍ ከስድስተኛ ማርሽ ሳልወርድ ነዳጅ ሰጠሁ። በአሮጌው ቢሆን ኖሮ ሁለት ማርሽ ወርጄ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ ጩኸቱን ሰምቼ ነበር የማልፈው። በዚህኛው ግን የተጎታቹ የኋላ ጎማዎች፣ ቀጥሎ የሾፌሩ በር፣ ቀጥሎ ባዶ መንገድ ታየኝ፤ በመካከሉ የተለየ ድምፅም ሆነ ትግል አልነበረም። ክሩስኮቱን ስመለከት 84 ይላል። በቨርጂኒያ ሕግ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ የመንገዱ ገደብ ምንም ይሁን ምን፣ በግዴለሽነት እንደ መንዳት ተቆጥሮ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ የሚያስከትል ወንጀል ነው። ከገደቡ በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍም እንዲሁ ነው። በሌላ አነጋገር ከተራ የትራፊክ ቅጣት ወጥቼ ፍርድ ቤት ለመቆም ሁለት ማይል ቀርቶኝ ነበር፤ እጄ ግን ይህን አላወቀም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በአውራ ጎዳና ላይ ፍጥነቱን ባለበት የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል ሳላስይዝ አልጓዝም። የፖሊስ ራዳር ጠቋሚ መሣሪያ ግዛ ያሉኝ ወዳጆችም አሉ፤ እሱም በቨርጂኒያ ክልክል ነው።

ኃይሉ የሚመጣበትን መንገድ በተመለከተ፣ ፋብሪካው ይህን የሞተር ቤተሰብ ሲያስተዋውቅ ከከፍተኛው የመጠምዘዝ ኃይል 70 በመቶው ገና በ1,500 ዙር ላይ እንደሚገኝ ገልጾ ነበር፤ ነድቼ ያየሁትም ከዚህ ጋር ይስማማል። በሁለተኛ ማርሽ ከመብራት ተነሥቶ ሳይንገራገጭ መሄድ ይችላል። ከ5,000 ዙር በላይ ሲወጣ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ፉጨት ያልፋል፣ ክንድም ይወጠራል። እዚያ ቦታ ላይ እስካሁን የቆየሁት በጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ስድስት ሲሊንደር ለምን አስፈለገ? አራት አይበቃም ነበር?

ለጉልበት ብቻ ከሆነ አራት ይበቃል፤ ከዚህ የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት ያላቸው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳይክሎች ብዙ ናቸው። ስድስቱ ያስፈለጉት ለልስላሴ ነው። ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ የሚፈጥሩት ግፊት በተለመደው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይጣፋም፤ ትርፉ እንደ ንዝረት ሆኖ በመሪና በእግር መርገጫ በኩል ይወጣል። ስድስት በአንድ መስመር ሲሆኑ ግን የአንዱ ግፊት በሌላው ስለሚካካስ ማረጋጊያ ዘንግ ሳያስፈልግ ሞተሩ ይረጋጋል። በተጨማሪም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) አንድ ሦስተኛ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ሲሊንደር ስለሚያቃጥል የኃይሉ ምት እርስ በርሱ ተያይዞ ይመጣል።

ችግሩ ስፋት ነው። ስድስት ሲሊንደር ጎን ለጎን ሲደረደር ከጉልበቶቻችን መካከል ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ሲሊንደሮቹን በጣም አቀራርበው የሞተሩን ወርድ ወደ 56 ሳንቲ ሜትር አውርደውታል፤ ሞተሩንም 55 ዲግሪ ወደ ፊት አስተኝተው ክብደቱን ወደ መሬት አቅርበውታል።

ልስላሴውን በዓይኔ ያየሁት ዋረንተን ከተማ አጠገብ ባለ ነዳጅ ማደያ ነው። ሞተር ሳይክሉን በመካከለኛው ማቆሚያ አቁሜ፣ ሞተሩ በሥራ ላይ እንዳለ፣ ክዳን የሌለው የወረቀት ቡና ኩባያዬን ጓንት እስካወልቅ ድረስ ነዳጅ ታንኩ አናት ላይ አስቀመጥሁት። የቡናው ገጽ በዳር በዳር ብቻ ስስ ቀለበት ሠርቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጠብታ አልወጣም። በአሮጌው ላይ ኩባያው ራሱ ተጉዞ ይወድቅ ነበር።

የሮዳጁ ጊዜ አሰልቺ አልነበረም?

አልነበረም። መመሪያው ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩ ከ5,000 ዙር እንዳያልፍና ሙሉ ነዳጅ እንዳይሰጠው ያዝዛል። 5,000 ዙር በዚህ ሞተር ላይ ማንኛውንም ሕጋዊ ፍጥነት አልፎ ስለሚሄድ ገደቡ የሚያስቸግረው ሰው የለም። ይልቁንም በአንድ ዓይነት ዙር ለረጅም ሰዓት አለመቆየት፣ ማለትም ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ጠመዝማዛ መንገድ መፈለግ ስለሚመከር፣ ሮዳጅ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ። አዲስ ጎማ ገጹ እስኪሻክር ድረስ እንደሚያንሸራትት፣ አዲስ የፍሬን ሸራም ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ በሙሉ እንደማይዝ መዘንጋት ግን የለበትም፤ ብዙዎች ሞተሩን ሲጠብቁ ጎማውን ይረሳሉ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱና ፊልትሮው ተለውጠው የመጀመሪያው ምርመራ ይደረጋል።

343 ኪሎ እንዴት ይቻላል? ወድቆብህ ያውቃል?

ከሰው የእግር ፍጥነት በላይ ሲንቀሳቀስ ክብደቱ የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ የሚታየው ሲቆም ነው።

አዎን፣ አንድ ጊዜ ወድቆብኛል፤ ጥፋቱም ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ የአበሻ ሱቅ ፊት ለፊት ባለ ተዳፋት የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ወደ ክፍት ቦታ በእግር ፍጥነት ስገባ አንድ ሰው ጥብስ ሥጋውን በፌስታል ይዞ ከመኪኖች መካከል ብቅ አለ። በልማድ የእጅ ፍሬኑን ጨበጥሁ። በዚህ ሞተር ሳይክል ላይ የእጅ ፍሬን የፊቱንም የኋላውንም ጎማ አንድ ላይ ይይዛል፤ መሪው በተጠመዘዘበት ሁኔታ ፊተኛው ጎማ ቀጥ ሲል ክብደቱ በሙሉ ወደ ግራ አዘነበለ። የግራ እግሬ ደግሞ መሬት የነካው በተዳፋቱ ዝቅተኛ ጎን ነበር። ከተወሰነ ዘንበልታ በኋላ ይህን ክብደት በእግር መያዝ አይቻልም፤ መሞከርም ጉልበት ማስወለቅ ነው። ስለዚህ መሪውን ይዤ ቀስ አድርጌ አስተኛሁት፣ ሞተሩም በራሱ ጠፋ። የጉዳቱ መጠን በግራ ሻንጣው ጥግና በሞተሩ መሸፈኛ ላይ የቀረ ጭረት ነው፤ የክብሬን አልቆጠርሁትም፣ ምክንያቱም ከሱቁ በረንዳ ላይ አምስት ሰው ቡናውን እንደያዘ ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

አነሣሡን የሚጠይቁኝም አሉ። ማርሽ ውስጥ ገብቶ እንዳይንሸራተት ከተደረገ በኋላ ጀርባን ለመቀመጫው መስጠት፣ አንድ እጅ መሪውን ሌላው የኋላ መያዣውን ጨብጦ፣ በክንድ ሳይሆን በእግር እየገፉ ወደ ኋላ በትናንሽ እርምጃ መሄድ ነው። በቀኝ በኩል የወደቀ ከሆነ የጎን ማቆሚያውን አስቀድሞ ማውጣት ይገባል፤ በግራ የወደቀ ከሆነ ግን ማቆሚያው በሥሩ ስለሚሆን፣ ሲነሣ ወደ ሌላኛው ጎን ተሻግሮ እንዳይገለበጥ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እንኳ ሁለት የማላውቃቸው ወንድሞች «አይዞህ፣ ተው አንተ ብቻህን አታነሣውም» ብለው ደርሰውልኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ በጠባብ ቦታ ስዞር የምነካው የእግር ፍሬኑን ብቻ ነው፤ እሱ የኋላ ጎማውን ብቻ ስለሚይዝ ሞተር ሳይክሉን አይጥለውም። በሦስት ምሽት አንድ ባዶ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዤ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ተለማምጃለሁ። የኋላ መሄጃም አለው፤ ከማርሽ አውጥቶ በግራ እጅ በኩል ያለውን «አር» ቁልፍ ተጭኖ የማስነሻ ቁልፉን ሲይዙት ሞተሪኖው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይስበዋል። ይህን ስሰማ የስንፍና መሣሪያ መስሎኝ ነበር፤ አሁን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ።

ኩርባ ላይ እንዴት ነው?

በጠየቁኝ ሁሉ ዘንድ የማይታመነው መልስ ይህ ነው፦ ለትልቅነቱ ይህን ያህል ቀለል ያለ ነገር የለም። ስካይላይን ድራይቭ በሺናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተራራ ጀርባ ላይ ከፍሮንት ሮያል ተነሥቶ ወደ ደቡብ 105 ማይል፣ ማለትም 169 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ነገር ይዞ በ35 ማይል መጓዝ መቀለጃ ይመስላል። የሞተሩን ጨዋነት ያወቅሁት ግን እዚያ ነው። በሦስተኛ ማርሽ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ ሆኜ፣ ወደ ኩርባ ስገባ ነዳጁን ትንሽ ቀንሼ፣ ስወጣ ትንሽ ጨምሬ፣ ለረጅም ጊዜ ፍሬንም ፍሪሲዮንም ሳልነካ እሄዳለሁ። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ለማዘንበል መሪውን በመዳፍ በስሱ መግፋት ይበቃል።

ከቶርንተን ጋፕ ጥቂት አልፎ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ። ከፀሐይ ወደ ጨለማው ስገባ የፊት መብራቱ በራሱ ተስተካከለ፣ የማርሚታው ድምፅም በድንጋዩ ተመልሶ መጣልኝ፤ በሜዳ ላይ የማይሰማው የስድስቱ ሲሊንደር ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጊዜ ተሰማኝ። ልክ እንደ ወጣሁ አጋዘን መንገዱን ይዛ ቆማ አገኘኋት። በ35 ማይል ስለነበርሁ ሁለታችንም ለመተያየት ጊዜ ነበረን። ገደቡን ያወጣው ሰው አጋዘኖቹን ያውቃቸው ነበር ማለት ነው። ወደ ማታ ላይ ቁጥራቸው ስለሚበዛ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ከተራራው መውረድ ይሻላል።

አንድ መላመድ የሚፈልግ ነገር አለ። የፊት ጎማው የተያዘው በተለመዱት ሁለት ሹካዎች ሳይሆን «ዱዎሌቨር» በሚባል አሠራር ነው፤ ኖርማን ሆሳክ የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ካሰበው መርሕ የተወሰደ ሆኖ ቢኤምደብሊው መጀመሪያ በ2004 እ.ኤ.አ. በኬ1200 ኤስ ላይ ያዋለው ነው። መሪውን የማዞሩና ጉድጓድ የመቀበሉ ሥራ ስለተለያየ፣ ፍሬን ሲያዝ የፊቱ ክፍል አፍንጫውን አይደፋም። ለመረጋጋት በጣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሹካ ለለመደ እጅ ስለ መንገዱ የሚነግረው ወሬ ያንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት የፊት ጎማው መሬት መያዙን በእምነት ነበር የምቀበለው።

ከኋላ የሚፈናጠጥ ሰው ምን ይላል?

ባለቤቴ በአሮጌው ላይ ከአርባ ደቂቃ በላይ ተፈናጥጣ አታውቅም። በዚህኛው ከቤት እስከ ሉሬይ ከተማ ደርሶ መልስ፣ ለምሳ ካቆምንበት በቀር አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፈኝ አለችኝ። መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ይሞቃል፣ የሚያዝ ነገርም አለው። ፍርዷን በሄልሜት መነጋገሪያው የሰማሁት እንዲህ ነው፦ «ይህን ያህል ገንዘብ ከፍለህ እንዳልተሰማኝ ብነግርህ ትቀየመኛለህ?» ፍጥነቱ አለመሰማቱ ለእሷ ምስጋና ነው፤ ከላይ ያልሁትን ስጋት ለእሷ አላነበብሁላትም።

ለነጂው ግን ተፈናጣጭ ሲጨመር ልዩነቱ መነሻና ማቆሚያ ላይ ይሰማል። አሞርዛተሩ ጭነቱን በራሱ እየለካ ስለሚያስተካክል በጉዞ ላይ ከብቻ አነዳድ ብዙም አይለይም። እሷ የምትወጣውና የምትወርደው እኔ ሁለት እግሬን ተክዬ «እሺ» ካልሁ በኋላ ብቻ እንዲሆን ተስማምተናል።

ለረጅም መንገድ ይመቻል? ሙቀቱስ?

ይመቻል። የፊት መስታወቱ በቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የእኔ ቁመት 1.74 ሜትር ሲሆን፣ ሲጋመስ ነፋሱ ደረቴን ለቆ ሄልሜቴን በስሱ ይነካል፣ ሙሉ ሲወጣ ደግሞ ጸጥታ ይሆናል፤ ነገር ግን ሙሉ ሲወጣ ከኋላ ጀርባን ወደ ፊት የሚገፋ አየር ስለሚፈጠር እኔ አልወደድሁትም። መቀመጫው በ81 እና በ83 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይስተካከላል።

ሙቀቱን በተመለከተ በሐምሌ የዋሽንግተን ዙሪያ ወበቅ ውስጥ፣ በመኪና መጨናነቅ መካከል፣ ስድስት ሲሊንደር በእግር መካከል ይዞ መቆም ምድጃ ታቅፎ እንደ መቀመጥ ነው። ሲንቀሳቀስ ይሻላል፤ በጎንና ጎን ተከፍተው አየር ወደ ሰውነት የሚመልሱ ክንፎችም አሉት። አንድ እፎይታ አለ፤ በቨርጂኒያ የ95፣ የ395 እና የ495 አውራ ጎዳናዎች ኤክስፕረስ (የክፍያ) መስመሮች ላይ ሞተር ሳይክል በነጻ ያልፋል፣ ክፍያ መሣሪያም አያስፈልገውም። ኡበር የሚሠሩ ወገኖቼ ከጉልበቱ ሁሉ ይልቅ በዚህ ነው የሚቀኑብኝ። በመኪኖች መካከል ሰንጥቆ ማለፍ ግን እዚህ ክልክል ነው።

ቤንዚን ይበላል?

ለትልቅነቱ አይበላም። እስካሁን በመቶ ኪሎ ሜትር ከ5.5 እስከ 6 ሊትር ወስዶብኛል፤ ታንኩ 26.5 ሊትር ስለሚይዝ ሳይጨነቁ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ ይቻላል። ከፍተኛ ኦክቴን ያለውን ውድ ቤንዚን ይፈልጋል።

ጥገናውስ?

ዘይት በየ6,000 ማይል ወይም በዓመት፣ የቫልቭ ክፍተት ምርመራ ደግሞ በየ18,000 ማይል ነው። ሁለተኛው የአካል መሸፈኛውን ማውለቅ ስለሚጠይቅ በሰዓት ለሚያስከፍል ሜካኒክ ሠርግ ነው። ይህን ከመግዛት በፊት በጀት ውስጥ ማስገባት ይገባል። ክብደቱ ጎማን ቶሎ እንደሚጨርስም ሳይዘነጋ።

ለጀማሪ ይሆናል?

አይሆንም። በዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱን ማለቴ ነው እንጂ ሁላችን የምንኖርበትን ዲኤምቪ፣ ማለትም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያን አካባቢ አይደለም) የሞተር ሳይክል ፈቃድ ለማውጣት የሥልጠና ኮርሱን ጨርሶ የምስክር ወረቀት ያቀረበ ሰው የመንዳት ፈተናው ይቀርለታል። ኮርሱ የሚሰጠው በትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ወረቀት ቀጥታ ወደዚህ መዝለል ሕጋዊ ነው፤ የሚመከር ግን አይደለም። ከ300 እስከ 650 ሲሲ ባለው ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት መቆየት፣ ከመውደቅም ሆነ ከገንዘብ አንጻር ይረክሳል።

ወደ ኢትዮጵያ ልትወስደው አታስብም?

ማሰቡንማ አስቤዋለሁ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን የሚወጣውን ጠመዝማዛ በዚህ ሞተር ሳይክል መውጣት በሕልሜ የሚመጣ ነገር ነው። በውኑ ሲታይ ግን ያ መንገድ በመሬት መንሸራተት በየጊዜው የሚሰነጠቅና የሚጎረብጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ለለሰለሰ አስፋልት የተሠራ፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ፣ የሚጠግነው በኮምፒውተር የሚመረመርበት ቦታ ያለው ሜካኒክ ብቻ የሆነ ዕቃ ነው። አዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ከልክላለች። ለዚያ መንገድ የሚሆነው ቀለል ያለ፣ ጎማው ባለ ጥርስ የሆነ ሌላ ዓይነት ነው።

ያልወደድኸው ምንድን ነው?

የክሩስኮቱ ስክሪን 10.25 ኢንች ነው፤ ካርታውም፣ ስልኩም፣ ሙዚቃውም እዚያ ላይ ነው። ካርታው የሚመጣው ከስልክ ጋር ሲያያዝ በመሆኑ ሁለቱ እስኪግባቡ ድረስ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ መጠበቅ አለ። ከዚያ በላይ ግን የበዛው ምርጫ ራሱ ያዘናጋል፤ በግራ እጅ የሚዞረውን ክብ ቁልፍ እያሽከረከርሁ የመቀመጫ ሙቀት ስፈልግ ሁለት ጊዜ መውጫዬን አልፌ ሄጃለሁ። አሁን ሁሉንም ነገር ቆሜ አስተካክላለሁ። ሌላው የጎን ሻንጣዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 37 ሊትር ይይዛሉ፣ ነገር ግን ከነሱ ጋር ያለውን ወርድ ረስቼ በጋራዤ በር ላይ ምልክት ጥዬአለሁ።

እናትህ ያውቃሉ?

ከሁሉም በላይ የተጠየቅሁት ይህን ነው፤ ጠያቂዎቹም በአብዛኛው በእናቴ ዕድሜ ያሉ እናቶች ናቸው። አዎን፣ ያውቃሉ። አባቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የግብርና ሠራተኛ ስለነበር፣ እኔም ሞተር ሳይክል የለመድሁት ጭሱ ከኋላ በሚንቦለቦለው የመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ላይ፣ ከነዳጅ ታንኩ ላይ ተቀምጬ መሪውን ከእሱ ጋር እየያዝሁ ነው። እናቴም በዚያው ላይ በሻሽ ታስረው ገበያ ሄደዋል። የአዲሱን ፎቶ በስልክ ስልክላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ብረት ስንት ሰው ይጭናል?» አሉኝ። ሁለት ብቻ ስላቸው፣ «የአባትህ ሦስት ከነማዳበሪያው ይጭን ነበር» ብለው ስልኩን ለእኅቴ ሰጧት።